ምዕራፍ ሰባት፦ በቀን ስንት ጊዜ? ስለ ሽንት ካቴተርና ስለሚጻፍለት ሰነድ

ፊኛ በጤናማ ሰው ዘንድ ሁለት ተግባር አለው፤ አንደኛው ከኩላሊት የሚወርደውን ሽንት በዝግታና ያለ ግፊት መቀበል፣ ሁለተኛውም ጊዜው ሲደርስ የተቀበለውን ጨርሶ ማስወጣት ነው። ሁለቱም የሚፈጸሙት ከአንጎል ተነሥቶ በአከርካሪ ውስጥ በሚወርደው የነርቭ ዘንግ በኩል በሚተላለፍ ትእዛዝ ስለ ሆነ፣ ይህ ዘንግ ከዛፍ በመውደቅ፣ በመኪና መገልበጥ፣ በጥይት፣ በአከርካሪ ቲቢ ወይም ከእናት ማኅፀን ጀምሮ ሳይዘጋ በቀረ ክፍተት የተጎዳበት ሰው፣ ከእግሮቹ መዛል ይልቅ የፊኛው ሥርዐት መፍረስ ለሕይወቱ የሚያሰጋው ይሆናል። ቤተ ሰብና ጎረቤት የሚያየው እግሩን ነው፤ የሚያዝንለትም ስለ እግሩ ነው። ሽንቱ ግን ሳይወጣ እየተጠራቀመ ፊኛውን ይወጥራል፣ ከዚያም ወደ መጣበት ወደ ኩላሊት ይመለሳል፣ በመጨረሻም ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም እያመላለሰ ኩላሊቱን ቀስ በቀስ ያደክመዋል።

ለዚህ ሕማም የተገኘው ፈውስ መሰል ነገር እጅግ ቀላል ዕቃ ነው፤ ይኸውም ካቴተር የሚባል ከእርሳስ የቀጠነ ለስላሳ ቱቦ በሽንት መንገድ አስገብቶ ፊኛውን ባዶ አድርጎ ወዲያው ማውጣትና፣ ይህንኑ በየአራት ወይም በየስድስት ሰዓቱ መደጋገም ነው። ሐኪም ቤት በብዛት የሚታየው ሌላው ዐይነት፣ ጫፉ ላይ በውኃ የሚነፋ ትንሽ ከረጢት ኖሮት ውስጥ ተቀምጦ የሚቆየውና ባለሙያዎቹ ፎሊ የሚሉት፣ ለጥቂት ቀናት እጅግ ጠቃሚ ሲሆን ለዓመታት ግን የጀርም መግቢያና የጠጠር መነሻ ይሆናል። እየገባ የሚወጣው ቀጥ ያለ ቱቦ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኖረው በፈረንሳዊው ቀዳጅ ሐኪም በኔላቶን ስም ይጠራል፤ የውፍረቱ ቁጥርም ሻሪዬር የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ መሣሪያ ሠሪ ባወጣው ልክ የሚነገር ሆኖ፣ አንዱ ቁጥር የሚሊሜትር ሲሶ ስለ ሆነ፣ ቁጥር 12 ማለት ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦ ነው። ቁጥሩን መናገሬ ወደ ፊት ስለ ማዘዣው ወረቀት ስንነጋገር ያስፈልገናልና ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት አከርካሪው የተሰበረ ወታደር በአብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ውስጥ በአልጋ ቍስልና በሽንት መመረዝ ይሞት ነበር። ከናዚ ጀርመን ተሰዶ በእንግሊዝ አገር የተጠጋው ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1944 በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ልዩ ክፍል ከፍቶ፣ ቱቦውን እያስገቡ የማውጣትን ልማድ በጥብቅ ንጽሕና አጸና፤ ይህን የመሰለውን ሥራ ግን የሚፈጽሙት ጓንትና የተቀቀለ መሣሪያ የያዙ ሐኪሞች ስለ ነበሩ፣ ሕመምተኛው ከሆስፒታሉ በር ሲወጣ ጥበቡ ከእሱ ጋር አይወጣም ነበር። በሩን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣ ጽሑፍ ነው። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሽንት አካላት ሐኪም የነበረው ጃክ ላፒደስ፣ ቤቲ ሎው የተባለችው ነርስ ከምትገኝባቸው ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፣ ሕመምተኛው ራሱ፣ በታጠበ እጅና በንጹሕ እንጂ የግድ በተቀቀለ ባልሆነ ቱቦ፣ በቤቱ ሆኖ ፊኛውን ባዶ ቢያደርግ እንደሚድን አስረዳ። የክርክሩ ሥር እንዲህ የሚል ነበር፦ ፊኛን ለበሽታ የሚያጋልጠው በቱቦው ላይ ተሳፍራ የምትገባው ጀርም ብቻ አይደለችም፤ ፊኛው ከልክ በላይ ሲወጠር በግድግዳው የሚዘዋወረው ደም ያንሳል፣ ደም ያነሰው አካልም ጀርምን መመከት ያቅተዋል፤ ስለዚህ ቱቦው የቱን ያህል ንጹሕ ነው ከሚለው ጥያቄ በፊት፣ በቀን ስንት ጊዜ ይገባል የሚለው መጠየቅ አለበት።

አንባቢ ይህን ነጥብ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ። አንድ ጎልማሳ ፊኛው በአንድ ጊዜ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር በላይ እንዳይዝ ይመከራል፤ ይህም በቀን ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ማስወጣት ይጠይቃል። መድኃኒቱ ቱቦው ብቻ አይደለም፤ ቱቦው በቀን ስንት ጊዜ እንደሚገባ ከሚናገረው ቁጥር ጋር ነው። በሰነድ ላይ ካቴተር የሚል ቃል ተጽፎ ቁጥሩ ካልተጻፈ፣ አንድ ሐኪም የኪኒኑን ስም ጽፎ ስንት እንደሚዋጥ እንደ ተወው ይቈጠራል።

አሁን በአማራ ክልል ወደሚገኘው ወደ አዊ ዞን እንምጣ። በባንጃ ቀርከሃ የሚቈርጥ ገበሬ፣ በፋግታ ለኮማ ለከሰል የተተከለውን ዲከረንስ የተባለ ዛፍ ጥሎ በመኪና የሚጭን ወጣት፣ በእንጅባራና በዳንግላ ጎዳና በባጃጅ የሚመላለስ ተማሪ፣ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ፈረሱን ለሽቅድምድም የሚያስጋልብ ጎበዝ፣ ሁሉም እንደየሥራቸው ለመውደቅ የቀረቡ ሰዎች ናቸው፤ ከእነዚህም መካከል አከርካሪው የተሰበረ ሰው አስቀድሞ በእንጅባራ ጠቅላላ ሆስፒታል ወይም በዳንግላ ሆስፒታል ከታየ በኋላ፣ ከእንጅባራ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከዳንግላ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ዳር ወደሚገኙት ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል በሪፈራል ይላካል። ሴቶቹም አሉ። ምጥ ለቀናት ተጨንቆባቸው ፊስቱላ የሚባለው ቀዳዳ የደረሰባቸው እናቶች፣ ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ ላቋቋሙት ሆስፒታል ቅርንጫፍ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2005 በባሕር ዳር በተከፈተው ማእከል ያለ ክፍያ ይታከማሉ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቱቦ ሁለት ሳምንት ያህል ተደርጎላቸው ይቆያል፣ ከእነርሱም ጥቂቶቹ ቀዳዳው ቢዘጋላቸውም ፊኛቸው ራሱን ባዶ ማድረግ ስለሚያቅተው፣ በራሳቸው እጅ ማስወጣትን ተምረው ወደ ቀዬያቸው ይመለሳሉ። የጀርባቸው አጥንት ሳይዘጋ የተወለዱ ሕፃናትም እንዲሁ ናቸው፤ በእነርሱ በኩል ቱቦውን የምትይዘው እናት ናት፤ ልጁም ወይም ልጅቱ ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ በክፍለ ጊዜ መካከል ማን ያስወጣላቸዋል የሚለው ጥያቄ ብዙዎቹን ከትምህርት ገበታ ያስቀራቸዋል።

ባሕር ዳር የተማሩት ጥበብ አዊ ሲደርስ የሚገናኘው ከሕግና ከሒሳብ ጋር ነው። በአገራችን የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ከወጣ በኋላ፣ ለገበሬውና መደበኛ ደመወዝ ለሌለው ሕዝብ የታሰበው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን፣ በተለምዶ ማአጤመ የሚባለው፣ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ተሞከረ፤ ከአማራ ክልል ለሙከራው የተመረጡት ፎገራ፣ ተሁለደሬና ደቡብ አቸፈር ሲሆኑ፣ ደቡብ አቸፈር ከዳንግላ በስተሰሜን የሚዋሰን ወረዳ ስለ ሆነ፣ የዳንግላ ሰው ነገሩን በጎረቤቱ አይቶ ለመረዳት ዕድል ነበረው። መዋጮው በዓመት አንድ ጊዜ፣ መኸር ተሰብስቦ ገበሬው ገንዘብ በሚይዝበት ወራት ይከፈላል፤ መክፈል ለማይችለው ድኻ ክልሉና ወረዳው ይከፍሉለታል፤ አባሉም የቤተ ሰቡ ስም የሰፈረበትን መታወቂያ ደብተር ይዞ አስቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፣ ከዚያም በሪፈራል ወረቀት ወደ ሆስፒታል ያልፋል። ሪፈራል ሳይዝ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል የሄደ አባል የወጪውን ግማሽ ከኪሱ እንዲከፍል የሚያደርግ ደንብ አለ።

ሒሳቡ የሚሄድበት መንገድ እንዲህ ነው፦ ጤና ተቋሙ ለአባሉ አገልግሎት ይሰጣል፣ የሰጠውን ከነዋጋው በስሙ፣ በመታወቂያ ቁጥሩና በካርድ ቁጥሩ ይመዘግባል፣ በየጊዜው ድምሩን ወደ ወረዳው የመድን ጽሕፈት ቤት ይልካል። ጽሕፈት ቤቱም ከመክፈሉ በፊት የተላከውን ሒሳብ ከካርዱና ከማዘዣው ጋር ያመሳክራል፤ የሕክምና ባለሙያዎች ያሉበት የኦዲት ቡድንም መጥቶ፣ በሽታው ከታዘዘው ጋር ይስማማል ወይ፣ ብዛቱ ከልክ አላለፈም ወይ፣ ፊርማና ማኅተም አለው ወይ ብሎ ይመረምራል። ይህ ምርመራ የሚያስከፋ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የሚመረመረው ገንዘብ ከእያንዳንዱ ገበሬ ጎተራ የወጣ ስለ ሆነ፣ ጥብቅ መሆኑ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ችግሩ ሌላ ስፍራ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ቅጽ የታሰበው ታሞ መጥቶ፣ ታክሞ ለሚሄድ ሰው ነው፤ ለወባ፣ ለሳንባ ምች፣ ለወሊድ። ዕድሜውን ሙሉ በየወሩ ያንኑ ዕቃ የሚሻ ሰው ሲመጣ፣ ቅጹ እያንዳንዱን ወር እንደ አዲስ ሕመም ይቈጥረዋል።

የማዘዣውን ወረቀት በቅርብ እንመልከተው። ከላይ የተቋሙ ስም አለ፤ ከዚያ የሕመምተኛው ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የካርድ ቁጥር፣ ወረዳ፣ ቀበሌ፤ ከዚያም የበሽታው ስም የሚጻፍበት መሥመር፤ ቀጥሎ መድኃኒቱ፣ ጉልበቱ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ፣ ለስንት ቀን እንደሆነ፣ ጠቅላላ ብዛቱ፤ በግርጌ ያዘዘው ባለሙያ ስም፣ ማዕርግ፣ ፊርማና ቀን። እያንዳንዱ ክፍት መሥመር ለጥያቄ የተዘጋጀ ነው። አሁን አንድ ተመላላሽ ሕመምተኛ፣ ስሙን ሳንጠራ፣ በጤና ጣቢያው ክፍል ገብቶ ተቀምጧል እንበል። ነርሷ፣ «አባቴ፣ በቀን ስንት ጊዜ ያስወጣሉ?» ብላ ትጠይቃለች፤ እሱም፣ «ቀን አምስት ጊዜ፣ ሌሊት አንድ ጊዜ፣ ሲስተር፤ ላስቲኩ ግን አልቆብኝ አንዱኑ እያጠብኩ ነው፤ አሁን ደርቆ ያቆስለኝ ጀምሯል» ይላል። ይህ መልስ ምሉእ የሕክምና ታሪክ ነው፤ ድግግሞሹ አለበት፣ የዕቃው ማለቅ አለበት፣ የደረሰው ጉዳት አለበት። ካርዱ ላይ የሚሰፍረው ግን ብዙ ጊዜ፣ «ለካቴተር መጣ፤ ተሰጠው» የሚል ብቻ ነው። ከሦስት ወር በኋላ ኦዲተሩ ካርዱን ሲገልጠው፣ ለምን እንደ መጣ፣ ስንት እንደ ተሰጠው፣ ዕቃው ለዘላለም የሚያስፈልገው መሆኑን የሚነግረው አንድም ቃል አያገኝም፤ የወጪውን መሥመር ቢሰርዘውም በእሱ ላይ መፍረድ አይቻልም።

ከመሠረዙ የሚከፋው ግን ከወደ መጋዘኑ በኩል የሚደርሰው ነው፤ ይህንንም የሚያስተውለው ሰው ጥቂት ስለ ሆነ ላብራራው። ጤና ተቋማት መድኃኒትና የሕክምና መገልገያ የሚያገኙት በዋነኛነት ከኢትዮጵያ የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ሲሆን፣ ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል፣ በቢን ካርድ ላይ ቀሪው ይጻፋል፤ በየሁለት ወሩም የፋርማሲው ኀላፊ በሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ምን ያህል እንደ ተጠቀመ አስልቶ፣ ክምችቱ ከሁለት ወር እንዳያንስና ከአራት ወር እንዳይበልጥ አድርጎ የሚቀጥለውን ይጠይቃል። ሥርዐቱ በጥበብ የተሠራ ነው፤ የሚጠየቀው መጠን የሚወጣው ከተጠቀሙበት መጠን ነውና። ሆኖም ካቴተሩ በማዘዣ ሳይጻፍ በዝምድናና በአዘኔታ ከቁስል ማሸጊያ ክፍል ከተሰጠ፣ ወይም ዕቃው አልቆ ሕመምተኛው ባዶ እጁን ከተመለሰ፣ ቅጹ ላይ የሚሰፍረው የአጠቃቀም ቁጥር ዜሮ ይሆናል፤ ባለሙያው ዕቃው ጠፍቶ የቆየበትን ቀን ቆጥሮ ካላስተካከለው በቀር፣ ዜሮ የተጠቀመ ተቋም ዜሮ ይጠይቃል፣ ዜሮ የጠየቀም ዜሮ ይላክለታል። በዚህ ዐይነት ፈላጊው እያለ ፍላጎቱ ከአገር መዝገብ ይጠፋል፤ ሰውየውም ወደ ከተማ የግል ፋርማሲ ሄዶ በኪሱ ይገዛል፣ ወይም ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ እንዲልክለት ይጠብቃል፣ ካልሆነም በደረቀችው አንድ ቱቦ ይኖራል።

አሜሪካን ካነሳን ዘንድ የዚያ አገር ሥርዐት ምን ይመስላል ብሎ መጠየቅ ደግ ነው፤ በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ አረጋውያን ወገኖቻችንም የሚገለገሉበት ስለ ሆነ። ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞች የመንግሥት መድን፣ ሽንት መያዝ ወይም ማስወጣት አለመቻሉ ቋሚ መሆኑ፣ ይኸውም በሦስት ወር ውስጥ ይስተካከላል ተብሎ የማይጠበቅ መሆኑ፣ በሐኪሙ መዝገብ ላይ ተጽፎ ካላገኘ አይከፍልም። ተጽፎ ካገኘ ግን እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በወር እስከ 200 ካቴተር ይከፍላል፤ በቀን ስድስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አዲስ ቱቦ ቢሆን በወር 180 መሆኑን አንባቢ ራሱ ሊያሰላው ይችላል። ለቀጥታው ቱቦ ኤ 4351፣ ጫፉ ለተቆለመመው ኤ 4352፣ ከነሙሉ ንጹሕ ዕቃው ተጠቅልሎ ለሚመጣው ኤ 4353 የሚል መለያ ቁጥር አለ፤ ዋጋቸው የተለያየ ስለ ሆነ ማስረጃቸውም የተለያየ ነው። ለተቆለመመው ቀጥታው አልገባ ማለቱ መጻፍ አለበት፤ ለተጠቀለለውም፣ ከሌሎች ጥቂት ምክንያቶች በቀር፣ በ12 ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ የሽንት ኢንፌክሽን በላቦራቶሪ ተረጋግጦ መመዝገብ አለበት። ሕመምተኛው ወይም አስታማሚው ዕቃው ሊያልቅ መሆኑን ሳይናገር፣ ሻጩ በራሱ ፈቃድ በየወሩ እየደጋገመ መላክ አይፈቀድለትም።

ይህን የመሰለ ጥብቅነትም ቢሆን ከሌባ አላዳነም። እ.ኤ.አ. በ2023 ከሰባት የማይበልጡ ድርጅቶች ለ450,000 ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ ካቴተር ፈጽሞ ለማያስፈልጋቸው፣ ከሁለት ቢሊዮን ዶላር በላይ የካቴተር ሒሳብ ለሜዲኬር አቀረቡ፤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ደግሞ የአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት፣ ኦፕሬሽን ጎልድ ረሽ ብሎ በሰየመው ክስ፣ የከአንድ ሚሊዮን በላይ አሜሪካውያን የግል መረጃ ሰርቀው በካቴተርና በመሰል ዕቃዎች ስም 10.6 ቢሊዮን ዶላር የጠየቁ ሰዎችን ይፋ አደረገ። ከዚህ ተነሥቶ ሰነድ ከንቱ ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ተቃራኒውን አያለሁ። ያ ዝርፊያ የተቻለው ዕቃው በፖስታ ስለሚላክ፣ ሒሳቡን የሚያቀርበው ሻጭ፣ ሕመምተኛውና ሐኪሙ ፊት ለፊት ሳይተዋወቁ ወረቀት ብቻ ስለሚመላለስ ነበር። በዳንግላ ግን ያዘዘችው ነርስ፣ የሰጠው ፋርማሲስትና የተቀበለው ገበሬ በአንድ ገበያ የሚገናኙ ሰዎች ናቸው፤ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ቤቱን ታውቀዋለች። የጎደለን ከአሜሪካ ቅጽ ውስጥ ጥቂቱ ነው፤ ምክንያቱ፣ ቁጥሩ፣ ዘመኑ።

ዘመኑን መጻፍ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በጎጃምና በጎንደር አድባራት የርስትና የጉልት ውል በወንጌሉ ሕዳግና በባዶ ገጾቹ ላይ ሲሰፍር፣ ሰጪውና ተቀባዩ፣ የመሬቱ ወሰን፣ የዘመኑ ንጉሥና ጳጳስ፣ የምስክሮቹም ስም በየተራ ይጻፍ ነበር፤ ከሁለትና ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ የሚነሣ ተከራካሪ ጸሓፊውን ሊጠይቀው እንደማይችል ያወቁ አባቶች፣ ጥያቄውን አስቀድመው በጽሑፍ መለሱለት። በዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ የሚታሰበውን መጻጉዕንም እናስብ፤ ወንጌላዊው ዮሐንስ ያን ድውይ ሲያነሣ ሕማሙ 38 ዓመት የቆየ መሆኑን በቁጥር ጻፈ፤ ከዚያም ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነገረን። የሕማሙ ዘመንና የረዳቱ ማጣት በአንድ ገጽ መሰብሰባቸው፣ ስለ አከርካሪ ጉዳተኛ የሚጽፍ ባለሙያ ሁሉ ሊያስተውለው የሚገባ የአጻጻፍ ሥርዐት ይመስለኛል፤ በጉዳተኛው ካርድ ላይ ቱቦውን ራሱ ያስገባል ወይስ ሌላ ሰው ያስገባለታል የሚለውም መጻፍ ያለበት ነውና።

ስለ ወጪው የሚፈራ የወረዳ ሹም ቢኖር ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በቀን ስድስት ጊዜ፣ ሁልጊዜ በአዲስ ቱቦ ቢሆን፣ በዓመት 2,190 ቱቦ ይሆናል፤ ይህን የአዊ ገበሬ መዋጮ እንደማይችለው ግልጽ ነው። ነገር ግን አምራቾቹ ለአንድ ጊዜ ብቻ ብለው ቢጽፉበትም፣ አቅም ባነሰባቸው ብዙ አገሮች በባለሙያ ምክር አንዱ ቱቦ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ እየታጠበ፣ እየደረቀ፣ በንጹሕ ዕቃ እየተቀመጠ ደጋግሞ ይሠራበታል፤ አንዱን ቱቦ ለአንድ ሳምንት እንኳ ብናስብለት፣ የዓመቱ ፍላጎት 52 ይሆናል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት የሚወሰነው ሐኪሙ በሚጽፈው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ታጥቦ ለሳምንት ያገለግላል» ተብሎ ካልተጻፈ፣ ፋርማሲው ስንት እንደሚሰጥ፣ መድኑም ስንት እንደሚከፍል ሊያውቅ አይችልም። ሳሙናውስ? ጓንት የሌለው ሰው ዋናው መከላከያው ሳሙና ስለ ሆነ እሱም በምክሩ ላይ መስፈር አለበት። እድር ለሞት ይከፍላል፤ ለ52 ቱቦ ግን የሚዋጣ ልማድ የለንም።

እንግዲህ የተሟላ ማዘዣ ምን ይመስላል? «በአከርካሪ ጉዳት ምክንያት ፊኛው ራሱን ማስወጣት የማይችል፤ ጉዳቱ ቋሚ፤ ኔላቶን ቁጥር 14፤ በቀን 6 ጊዜ፣ በራሱ እጅ፤ ታጥቦ በየሳምንቱ የሚቀየር፤ ለሦስት ወር 13፤ ማለስለሻ ጄል» ብሎ ቀኑን፣ ስሙን፣ ፊርማውንና ማኅተሙን ማኖር ነው። ለመጻፍ ከሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ለሦስት ወር በአንድ ጊዜ መሰጠቱም ምክንያት አለው፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልሉ በገባበት ግጭት መንገድ በሚዘጋበት ወራት፣ በተሽከርካሪ ወንበር ያለ ሰው በየወሩ ከቀበሌው ወጥቶ እንዲመጣ ማዘዝ፣ ዕቃውን እንደ መከልከል ይሆናል። ወንድሙ ወይም ልጁ ደብተሩን ይዞ ሲመጣም፣ ወረቀቱ ስለ ሕመምተኛው ሊናገርለት የሚችለው እንዲህ ሲጻፍ ነው።

ለዕድሜ ልክ ሕመም መጻፍን አገራችን አታውቀውም ለማለት አይቻልም። በጸረ ኤች አይ ቪ ሕክምና በኩል ሕመምተኛው የራሱ የክትትል ቅጽ አለው፤ ቀጠሮው፣ የወሰደው መድኃኒት ብዛት፣ የላቦራቶሪ ውጤቱ በአንድ ተከታታይ ሰንጠረዥ ይሰፍራል፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮም ደኅንነቱ ለጸና ሕመምተኛ የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ መስጠት ተለምዷል። የፊኛ ሕመምተኛም ተመሳሳይ አንድ ገጽ ቢኖረው፣ በዓመት አንድ ጊዜ የሚታየው የኩላሊት አልትራሳውንድና የክሬአቲኒን ውጤት፣ በመካከሉ የደረሰበት ትኩሳትና ኢንፌክሽን፣ የተሰጠው ቱቦ ብዛት በዚያው ይመዘገባሉ፤ የእንጅባራው ሐኪም ባሕር ዳር የተደረገውን ያነባል፣ የባሕር ዳሩም እንጅባራ የተደረገውን፤ የወረዳው መድን ጽሕፈት ቤትም የዓመቱን በጀት ሲያዘጋጅ፣ በወረዳው ስንት እንዲህ ያሉ ሰዎች እንዳሉና ስንት ቱቦ እንደሚሹ ገጾቹን ቆጥሮ ያውቃል፤ ፋርማሲውም በሪፖርትና መጠየቂያ ቅጹ ላይ ዜሮ በሚጻፍበት ዐምድ ያንን ቁጥር ያሰፍራል።